ስለ መንገድና ስለ ተሻጋሪው ዕዳ

ሰው መንገድ ሲሄድ የሚረግጠውን መሬት ያያል እንጂ መሬቱን ያስተካከለለትን እጅ አያይም። ይህ የሁላችን ልማድ ነው። አውቶቡስ ተሳፍረን፣ ዋጋውን ከፍለን፣ በመስኮት አጠገብ ስንቀመጥ፣ ከአዲስ አበባ ደሴ ወይም ከአዲስ አበባ ጅማ ያደረሰን የራሳችን ገንዘብ ብቻ ይመስለናል። የከፈልነው ገንዘብ ግን የመኪናውን ነዳጅና የሾፌሩን ደመወዝ ቢችል ነው። የቀረውን የከፈለልን ከእኛ በፊት ድንጋይ የፈነቀለ፣ ገደል የቈረጠ፣ በወንዝ ዳር ቆሞ ሌላውን የጎተተ ሰው ነው። ወጣት አንባቢዎች ሆይ፣ ዛሬ ላጫውታችሁ የምፈልገው ስለዚሁ ሰውና ለእርሱ ስላለብን ዕዳ ነው። የማነሣቸው ዓመቶች ሁሉ በአገራችን አቈጣጠር የተቈጠሩ ናቸው።

አገራችን ኢትዮጵያ የባሕር በር የሌላት አገር ናት። በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ራስዋን የቻለች መንግሥት ስትሆን የባሕሩ ጠረፍ ከእርስዋ ጋር ሄደ፤ በ1990 ዓ.ም. በተነሣው ጦርነት ደግሞ የአሰብ መንገድ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ከውጭ የሚገባው ዕቃ አብዛኛው የሚያልፈው በጂቡቲ በኩል ነው። ከመቶ ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ ይዞ የባሕር በር የሌለው አገር በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር አይገኝም። ይሁን እንጂ ከባሕር መራቅ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ቱርኮች በ1549 ዓ.ም. ምጽዋን ከያዙ በኋላ፣ የደጋው ነገሥታት ለብዙ ዘመን ወደ ባሕር የሚደርሱት በሌላ ሰው በር ነበር።

ከባሕሩም ቀድሞ የሚያግደን ነገር አለ፤ ይኸውም የአገሩ አቀማመጥ ነው። አባይና ተከዜ፣ ጀማና በሽሎ ምድሩን እንደ ቢላዋ ሰንጥቀው ደጋውን ከደጋ ለይተውታል። ሁለት ሰዎች በገደሉ ግራና ቀኝ ቆመው ቢጠራሩ ይሰማማሉ፤ እጅ ለእጅ ለመጨባበጥ ግን ቀኑን ሙሉ መውረድና መውጣት አለባቸው። ስለዚህ ኢትዮጵያዊ ባሕር ከማጣቱ በፊት ጎረቤቱን ያጣ ሰው ነበር ማለት ይቻላል።

በቀድሞው ዘመን ባላገር በእግሩ፣ መኳንንቱ በበቅሎ ይጓዙ ነበር። ዕቃም በደጋ በአህያና በአጋሰስ፣ በቆላ በግመል ይጫን ነበር። ሲራራ ነጋዴ ከአፋር ምድር የወጣውን አሞሌ ጨው ወደ ደጋው ያመጣል፤ ከደቡብና ከምዕራብ ደግሞ ቡናውንና ዝባዱን ይዞ ይመለሳል፤ በየኬላውም ቀረጥ እየከፈለ ያልፋል። ክረምት ሲገባ ግን ሁሉም ባለበት ይቆማል። ዘማቹ ይሰፍራል፤ ነጋዴውም ይከርማል። ወንዝ ሞላ ከተባለ የንጉሥ መልእክተኛ እንኳ ቢሆን ከዳር ተቀምጦ ከመጠበቅ በቀር ሌላ ብልሃት አልነበረውም። ውኃው ጎደል ሲልም ቢሆን አባይን መሻገር ቀላል አልነበረም። ዕቃው በቆዳ ይጠቀለላል፤ አየር በተሞላ አቁማዳ ላይ ይታሰርና ዋናተኞች እየገፉ ያሻግሩታል።

ከዚህ ዐይነቱ ጉዞ አንድ ያልተጻፈ ሕግ ተወለደ። ሲራራ የሚሄደው ሽፍታን ፈርቶ በኅብረት ነውና፣ ቀድሞ የተሻገረው ነጋዴ የኋለኛው ጓደኛው እስኪሻገር ይጠብቀው ነበር። ጥሎት ቢሄድ ወዲያ ማዶ የቀረው ይዘረፋል፤ ወዲህ ማዶ ያለውም ቍጥሩ አንሶ ተራው ይደርሰዋል። መንገደኛም ሲመሽበት ከማያውቀው ሰው ደጅ ቆሞ «የመሸበት የእግዜር እንግዳ ነኝ» ይላል፤ ባለቤቱም «ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ይግቡ» ብሎ እግሩን ያጥበዋል። ያ ባለቤት ነገ እርሱም ከሰው ደጅ እንደሚቆም ያውቃል። መንገድ ባልነበረበት ዘመን መንገዱ ሰው ነበረ ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ድንጋይ እየፈነቀሉ መንገድ ወደ ሠሩት እንለፍ። በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ዐፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር ተነሥተው ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ። ጋፋት ላይ በአውሮፓውያን ሠራተኞች እጅ ያሠሩትና «ሴባስቶፖል» ብለው የሰየሙት መድፍ አብሮአቸው ነበር። ክብደቱ ሰባት ቶን ያህል ነው። ይህን የሚያህል ብረት በዋድላና በደላንታ ደጋ ላይ መጎተት፣ የጅዳንና የበሽሎን ገደል ማስወረድና ማስወጣት፣ በዚያን ጊዜ ማንም ያላሰበው ነገር ነበረ። መንገድ ስላልነበረ ንጉሠ ነገሥቱ መንገዱን እየሠሩ ሄዱ። ያዩአቸው ሰዎች እንደ መሰከሩት፣ ድንጋዩን መጀመሪያ የሚያነሡት በገዛ እጃቸው ነበር፤ ሠራዊቱም ይህን እያየ ይከተላቸዋል። ይህ ሥራ ስድስት ወር ያህል ፈጅቶ መድፉ በመጋቢት ወር መቅደላ ደረሰ።

በዚህ ታሪክ የማይደነቅ ሰው አይኖርም። ድንጋይ ማንሣት የአሽከር ሥራ ተብሎ በሚናቅበት አገር ንጉሥ ድንጋይ አነሣ። ዛሬ በዲፕሎማው ታብዮ አካፋ መያዝን የሚያፍር ወጣት ቢኖር ይህን ደጋግሞ ያንብበው።

ነገር ግን እውነቱን ሁሉ መናገር ይገባል። ያ መንገድ የተሠራው ለአንድ ጭነት ነበር። ንጉሡ ሲነሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ነው የሄዱት፤ አገሩም አብዛኛው ከድቶአቸው ነበር። በመንገዱ ግራና ቀኝ የነበረው ገበሬ መድፉ እስኪያልፍ ተሸሸገ እንጂ፣ ይህ መንገድ ነገ እህሌን ገበያ ያደርስልኛል ብሎ ተስፋ አላደረገበትም። ከጥቂት ጊዜ በኋላም የእንግሊዝ ጦር ወደ በሽሎ ሲወርድ የተራመደው በዚያው ንጉሡ በጠረጉት መንገድ ላይ ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ራሳቸውን ሠዉ። መድፉ እስከ ዛሬ እዚያው አለ። ከኋላው ለሚመጣ ሰው ያልታሰበ መንገድ፣ ምንም ያህል ላብ ቢፈስስበት፣ ባለቤት ሳይኖረው ይቀራል።

ባላጋራው ጄኔራል ናፒየርም መንገድ ሠርቶ ነበር። በዙላ ወደብ ሠራዊቱንና ከህንድ ያመጣቸውን 44 ዝሆኖች ሲያወርድ፣ ከባሕሩ ወደ ተራራው ሥር የምትደርስ አጭር የባቡር ሐዲድ ዘረጋ። በዚያ አካባቢ ባቡር ሲታይ ያ የመጀመሪያው ነበር። ጦርነቱ ሲያልቅ ግን ሐዲዱ ተነቅሎ በመርከብ ተጫነና ሄደ። የመጣበትን ጉዳይ ፈጽሞአልና ለማን ብሎ ይተወው? «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ» የሚለው ተረታችን ለዚህ ዐይነቱ ሐዲድ የተተረተ ይመስላል።

ዐፄ ምኒልክ ከዚህ ትምህርት ሳይወስዱ አልቀሩም። የባቡር ሐዲድ እንዲሠራ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ ለአልፍሬድ ኢልግ የ99 ዓመት ፈቃድ ሰጡ። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጂቡቲ ተጀምሮ በ1895 ዓ.ም. እስከዛሬው ድሬዳዋ ደረሰ። ወደ ሐረር ተራራ መውጣቱ እጅግ ከባድና ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ሆኖ ስለ ተገኘ ሐዲዱ ከሥር ቀረ፤ በዚያም ምክንያት አዲስ ከተማ በሜዳው ላይ በቀለች። ከዚያ በኋላ ኩባንያው ገንዘብ ዐለቀበት። ፈረንሳይ፣ እንግሊዝና ጣሊያን ሐዲዱ የማን ይሁን እያሉ ተከራከሩ፤ በ1899 ዓ.ም. ሦስቱ ባደረጉት ውልም ስለ ባቡሩ ጉዳይ እርስ በርሳቸው ተስማሙ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ በኢትዮጵያ ምድር ላይ ስለሚሄድ ባቡር የተስማሙት ኢትዮጵያውያን አልነበሩም። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ ከተጀመረ ሃያ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት ነበር። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ነው። በበቅሎ ከአንድ ወር በላይ ይፈጅ የነበረው ጉዞ፣ መንገደኛው በድሬዳዋና በአዋሽ እያደረ በሦስት ቀን የሚፈጸም ሆነ።

ይህ ታላቅ በረከት ነበር። ቡናና ቆዳ ወጣበት፤ መጽሐፍና መድኃኒት ገባበት። ቢሆንም የባቡሩ ዕድሜ የሚያስተምረን ሌላ ነገር አለ። አሮጌው ሐዲድ ዓመት በዓመት ጥገና እያነሰው ሄዶ፣ ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ያለው ባቡር ቆመ። በ2009 ዓ.ም. መግቢያ የተመረቀው 750 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ሌላ ሐዲድ ተነጥፎለት መጣ። አባቶች በሃያ ዓመት መከራ ያደረሱትን ልጆች ጠብቆ ማቆየት አቃታቸው። መሥራት ያስመሰግናል፤ የተሠራውን የሚያኖረው ግን ጥበቃ ነው።

በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን አገራችንን ሲወር ወዲያው መንገድ መሥራት ጀመረ። ጣርማ በር ላይ ተራራውን ፈልፍሎ መኪና አሳለፈ፤ ከአስመራ በደሴ አድርጎ አዲስ አበባ የሚደርሰውን ጎዳና አነጠፈ። መንገዱ ጥሩ ነበር፤ ሐሳቡ ግን ክፉ ነበር። የተሠራው ወታደርና መድፍ ቶሎ እንዲደርስና እንቢ ያለው አርበኛ ቶሎ እንዲያዝ ነው። በ1933 ዓ.ም. ጣሊያን ሲሸነፍ ድል አድራጊዎቹ ፈጥነው የገሠገሡት በዚያው በጣሊያን መንገድ ላይ ነበር። መንገድ ጌታ አያውቅም፤ የሚያውቀው የሚሄድበትን ነው።

ከነፃነት በኋላ ዝናቡና የከባድ መኪናው ጎማ መንገዱን አፈራረሱት። ሲሠራ ያየው ብዙ ነበር፤ የውኃ መውረጃ ቦዩን የሚጠርገው ግን ጠፋ። በዚህ ምክንያት መንግሥት በ1943 ዓ.ም. ከዓለም ባንክ 5 ሚሊዮን ዶላር ለመንገድ ጥገና ተበደረ፤ በዚያው ዓመትም የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። ባንኩ ለአፍሪካ አገር ካበደረው ብድር ይህ ከመጀመሪያዎቹ ነው። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ በ1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ አድርጎ ነበር። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ካይሮ በአየር መድረስ በሚቻልበት ዘመን፣ ከጎጃም ወደ በጌምድር ለመሻገር በወንዝ ዳር የሚቆም ሰው ነበረ። ወደዚህ ሰው ልውሰዳችሁ፤ የነገሬ ሁሉ ማሰሪያ እርሱ ነውና።

በሞጣ በኩል፣ ጎጃምን ከበጌምድር በሚለየው የአባይ ሸለቆ ላይ፣ በጎንደር ነገሥታት ዘመን የተሠራ የድንጋይ ድልድይ አለ። ሦስት መቶ ዓመት ገደማ ሰውና ከብት ተሻገረበት። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ግን አንድ ቅስቱ ተቈረጠ፤ ጠላት እንዳያልፍበት አርበኞች ሰበሩት ይባላል። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ስሙ «ሰባራ ድልድይ» ሆነ። ጠላት ሄደ፤ ነፃነት ተመለሰ፤ ድልድዩ ግን ሰባራ እንደ ሆነ ቀረ። ስድሳ ዓመት አለፈ።

በዚህ ስድሳ ዓመት ሕዝቡ ምን አደረገ? በድልድዩ ጉማጅ ግራና ቀኝ ሰዎች ቆሙ። በመካከሉ ገመድ ዘረጉ። መሻገር የሚፈልገው ሰው በገመድ ይታሰርና በአባይ ላይ ይንጠለጠላል፤ ወዲያ ማዶ ያሉት ይጎትቱታል፤ ወዲህ ማዶ ያሉት ደግሞ ገመዱን ቀስ እያሉ ይለቅቁለታል። ገበያተኛው፣ በሽተኛው፣ ለለቅሶ የሚሄደው፣ ሁሉም እንዲሁ ተሻገሩ። ገመዱ ቢበጠስ ወይም የአንዱ እጅ ቢዝል ከሥር ያለው ገደል ነው። ሌላ መሻገሪያ መፈለግ ደግሞ የቀናት ዙሪያ ጉዞ ነበር።

እስቲ ይህን በዐይነ ልቡናችሁ ተመልከቱት። የመጀመሪያው ሰው እንዴት እንደ ተሻገረ እንጃ፤ ሁለተኛው ሰው ግን የተሻገረው የመጀመሪያው ስለ ጠበቀው ነው። የመጀመሪያው ሰው ተሻግሮ «እኔስ ደረስሁ» ብሎ ወደ ገበያው ቢሄድ ኖሮ መሻገሪያ አይኖርም ነበር። በሰባራ ድልድይ ድልድዩ ድንጋዩ አልነበረም፤ የተሻገረው ሰው መዞሩ ነበር።

የዚህ ነገር ሥዕል በአንድ የውጭ መጽሔት ላይ ወጣ፤ በ1993 ዓ.ም. ኬን ፍራንዝ የሚባል አሜሪካዊ የሥራ ተቋራጭ ተመለከተው። ተመልክቶም ገጹን አልገለበጠም፤ መጣ። በ1994 ዓ.ም. ከአገሩ ሰዎች ጋር ሆኖ የተሰበረውን ክፍል በብረት ገጠመው። በ1997 ዓ.ም. የክረምቱ ጎርፍ ያንን ወሰደው። እርሱና ጓደኞቹ ግን «አንድ ጊዜ ሠርተናል» ብለው አልቀሩም፤ በ2001 ዓ.ም. በገመድ ብረት የሚንጠለጠል አዲስ የእግር ድልድይ ቆመ። ይህ ሰው የሚመሰገን ነው። ለእኛ ግን ምስጋናው ከጥቂት እፍረት ጋር ቢሆን ይሻላል። ሥዕሉን ያየው የሩቅ ሰው ነው፤ ገመዱን ግን እኛ ስድሳ ዓመት ስናየው ኖረናል።

ምናልባት ከእናንተ አንዱ፣ «መንገድ መሥራት የመንግሥት ሥራ ነው፤ እኔ ግብር እከፍላለሁ፤ የአውቶቡስ ዋጋ እከፍላለሁ፤ ሌላ ምን ዕዳ አለብኝ?» ይል ይሆናል። ነገሩ ከፊሉ እውነት ነው። ድልድይ በምጽዋት አይሠራም፤ መንግሥትም ያለበትን ግዳጅ ሊጠየቅ ይገባዋል። ብዙም ተሠርቶአል። በ1989 ዓ.ም. 26 ሺሕ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው የአገሪቱ መንገድ በ2007 ዓ.ም. ከ100 ሺሕ ኪሎ ሜትር በልጦአል። ነገር ግን መንግሥት ቦይ ቢቈፍር በቦዩ ውስጥ ቆሻሻ የሚጥለው ማን ነው? የድልድዩን መከታ ብረት ሌሊት ፈትቶ የሚሸጠውስ? ልኩን ያለፈ ጭነት ጭኖ አስፋልቱን የሚሰብረው፣ አደጋ የደረሰበትን መንገደኛ አይቶ የሚያልፈውስ? እነዚህ ሁሉ ከእኛ መካከል ናቸው። ሁሉም የተሻገሩ ሰዎች ናቸው፤ ስለ ተሻገሩም ወደ ኋላ ማየት ትተዋል።

ደግሞም መሻገር በወንዝ ብቻ አይደለም። ይህን የምታነብቡ እናንተ ፊደል የቈጠራችሁ ናችሁ። ከመንገድ ዳር ርቃ ከምትገኝ መንደር፣ በክረምት ጭቃ በእግሩ እየሄደ ትምህርት ቤት የደረሰ አባት ወይም እናት ወይም ታላቅ ወንድም ያልነበረው ከመካከላችሁ ጥቂት ነው። ለደብተራችሁ ሲል በሬ የሸጠ አለ፤ እናንተ እንድትማሩ ብላ እርስዋ ከእንስራው ጋር የቀረች እኅት አለች። እነዚህ ወዲህ ማዶ ሆነው ገመዱን የለቀቁላችሁ ናቸው። አሁን እናንተ ወዲያ ማዶ ደርሳችኋል። ገበያውም ከተማውም ከፊታችሁ ነው፤ ዘወር ሳትሉ ብትሄዱ የሚይዛችሁ ሕግ የለም።

ስለዚህ ምክሬ ትልቅ ነገር አይደለም። ሐኪም የሆነ ለጥቂት ዓመት እንኳ መንገድ ወደማይደርስበት ወረዳ ይሂድ። መሐንዲስ የሆነ ትልቁን ጎዳና ሲነድፍ ከጎኑ ያለችውን የእግር መሻገሪያ አይርሳ፤ አብዛኛው ወገኑ የሚሄደው በእግሩ ነውና። አስተማሪ የሆነ ወደ ተወለደባት ቀበሌ ይመለስ፤ ባይመለስ መጽሐፍ ይላክ። ከዚህ ሁሉ አንዱም የማይሆንለት፣ በክረምት መግቢያ አካፋውን ይዞ ይውጣና በደጁ ያለችውን ቦይ ከጎረቤቱ ጋር ይጥረግ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ተብሎአልና፣ ሥራው ሲከፋፈሉት ይቀላል።

ከባሕር የራቀ አገር የሚቀራረበው በልጆቹ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ድንጋይ ሲያነሡ የታየው ትሕትና፣ ዐፄ ምኒልክ ሐዲድ ሲያስዘረጉ የነበራቸው ትዕግሥት፣ የሰባራ ድልድይ ሰዎች ገመድ ሲይዙ የነበራቸው ታማኝነት፣ ሦስቱ በአንድ ሰው ላይ ቢገኙ ያ ሰው ለአገሩ መንገድ ይሆናል። እናንተም ነገ አንድ ወንዝ ተሻግራችሁ ልብሳችሁን አራግፋችሁ ልትሄዱ ስትነሡ፣ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ተመልከቱ። ማዶ የቆመ ሰው ካለ ገመዱን አንሡ።